ሲጠራቀም እልክላታለሁ

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። አድራሻህ ቢኖረኝም የምጽፍልህ አይመስለኝም ነበር። አሁን አንተም መልስ አትሰጥ፣ እኔም መልስ አልጠብቅ፤ እንዲህ ሲሆን መጻፍ ይቀላል። "እርስዎ" ልበልህ ወይስ "አንተ" የሚለውን ብቻ ብዙ አሰብኩበት። ሰው አባቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ የሚያውቀው እየጠራው ነው። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የጠራሁህ በአምስት ዓመቴ ስለሆነ በዚያው ልቀጥል።

የምሠራው ባንክ ነው። ከውጭ አገር ገንዘብ የሚላክላቸው ሰዎች በሚሰለፉበት ክፍል፣ መስኮት ቁጥር ሦስት። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ሰው ተራ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል፣ መታወቂያውን አያለሁ፣ ኮዱን አስገባለሁ፣ ቆጥሬ እሰጣለሁ። ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ "ይሄ ለምን አነሰ?" እኔም አስረዳለሁ። የላከው ባንክ ቆርጧል፤ መሃል ላይ ደግሞ ላኪም ተቀባይም የማያውቁት ሌላ ባንክ አለ፣ እሱም አሳልፌያለሁና ድርሻዬን ብሏል፤ የቀረውን ምንዛሬው ወስዷል። አንድ ሽማግሌ አናጢ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ "እንግዲህ እኔ ዘንድ የደረሰው ሳያዩት ያመለጠ ነው በይኛ" ብለውኛል።

አንዲት ደንበኛ ደግሞ አለችን፤ ምንዛሬው በሳንቲም የሚሻልበት ባንክ ፍለጋ ከተማውን በታክሲ ስትዞር ውላ መጨረሻ ላይ እኛው ዘንድ የምትመጣ። ያተረፈችው ሳንቲም የታክሲዋን ሩብ አይሞላም። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እያልን ከመስኮት አራቱ ባልደረባዬ ጋር ስቀንባታል። ይህን ባልደረባዬን "ኤክስፕረስ" ነው የምንለው፣ አንድ ማህተም ለመምታት ሦስት ጊዜ ስለሚያስብ። የዚያች ሴትዮ ነገር በአንተ ይደርሳል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር?

መሞትህን የሰማሁት እዚያው መስኮት ላይ ሆኜ ነው። ስልክ ተደወለ፤ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ።

"የበያጁ ልጅ ነሽ?" አለችኝ፤ አንተን በሙያህ ነው የጠራችህ።

"ማን ልበል?"

"የአባትሽ ባለቤት ነኝ። ከባሕር ማዶ ነው የምደውለው። አባትሽ አረፈ፣ የኔ እመቤት። ሁለት ወር አለፈው። ቁጥርሽን ሳፈላልግ ነው የዘገየሁት።"

ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? "እግዜር ያጥናሽ" አልኳት። የሞተው የእሷ ሰው እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ሁሉ። እሷም "አሜን" አለች፤ ከዚያ ግን ነገሩ ገባትና ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም። ፊት ለፊቴ የቆመው ሰውዬ ገንዘቡን እየጠበቀ ነበር። ስታበቃ "በስምሽ የተናዘዘው ገንዘብ አለ፤ እንዴት እንደምልክልሽ እንነጋገር" አለችኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ። እውነቱን ልንገርህ፣ እምቢ ልል ነበር። "ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልተላከ ዛሬም ይቅር፤ ለነፍሱ መጽውቺለት" የሚል መልስ አሰናድቼ ነበር። አፌን የያዘኝ ቤቱ ነው። አንተ ትተኸን ከሄድክባቸው ሁለት ክፍሎች አልወጣንም። ያከራዩን የቤቱ ባለቤት ባለፈው ዓመት ሞቱ፤ ልጆቻቸው ሊሸጡት ነው። "ለእናንተ ቅድሚያ ሰጥተናል፣ ሦስት ወር" አሉን በትሕትና። ከሦስት ወር በኋላ ትሕትናው እንደሚያልቅ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። እማዬ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት የክሊኒክ አንሶላ አጥባ ወገቧ ዛሬ ቀጥ አይልም፤ ዓይኗን ጨፍና የማትደናቀፍበት ቤት ያ ብቻ ነው። "ከዚህ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው" ትላለች። የእኔ ቁጠባ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ ኩራቴን ዋጥኩና ደወልኩላት።

እትዬ እላታለሁ። እንጀራ እናቴ ለማለት ምላሴ አልታዘዘኝም፣ "ሴትዮ" ለማለት ደግሞ እሷ ደግ ሆነችብኝ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። በምሳ እረፍቷ ትደውላለች፤ ከጀርባዋ የሳህን ድምፅና የአዛውንቶች ጫጫታ ይሰማኛል። ገንዘቡን ሳያስበሉ የሚያሻግሩበትን መንገድ ፍለጋ አምስት ሳምንት ተነጋገርን። እኔ የምለውን በእርሳስ ትጽፋለች፣ ሄዳ ትጠይቃለች፣ በማግሥቱ ታነብልኛለች።

"ዛሬ ሌላ ሱቅ አገኘሁ። መስተዋቱ ላይ 'በነጻ እንልካለን' ይላል።"

"ምንዛሬውስ?"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

"እትዬ፣ ነጻ የሚል ስታዪ መጀመሪያ ምንዛሬውን ጠይቂ። በበር ያልገባው በመስኮት ነው የሚገባው።"

በማግሥቱ፤ "ልክ ነሽ። ሌቦች ናቸው!"

በስልክ የሚላክም ነበር። ክፍያው ከቁጥር የማይገባ፣ ግን በወር ከተወሰነው በላይ አያሳልፍም። አሰላሁት፤ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ይፈጃል። እኛ የቀረን ዘጠኝ ሳምንት ነው። ደግሞ አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ እኔ እዚህ ለሱ ልስጥ፣ ወንድሙ እዚያ ላንቺ ይሰጥሻል። አምስት ሳንቲም አይቆርጥም" አለችኝ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ባንክ ነው የምሠራው።"

"ውይ! ረስቼው።" ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው።

የክፍያ ነገር በተነሳ ቁጥር "አባትሽ ይሄን ቢሰማ ያብድ ነበር" ትላለች። እኔ ቋጣሪ ነበር ማለቷ መስሎኝ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። "ኧረ በጭራሽ! ለሰው ሲሰጥ እጁ አይታጠፍም። የመላኪያ ነገር ብቻ ነው የማይሆንለት" አለች፤ ከዚያ ሳህን ልሰብስብ ብላ ዘጋችው።

የእኛ ባንክ ትልቅ ገንዘብ ሲገባ ከየት እንደተገኘ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ የቁጠባ ደብተርህን ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ሰባት ደብተር ላከችልኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ገጽ በገጽ አየሁት። በየወሩ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ገቢ። ወጪ የሚባል የለም፤ አንድም። መጀመሪያው ትንሽ፣ ደሞዝህ ሲያድግ እያደገ፣ ጡረታ ስትወጣ ቀነስ ብሎ፣ ግን ሳይዘል። ወደ አራት መቶ የሚጠጋ መስመር። ቀኑን ሙሉ የሰው ሂሳብ የማይ ሰው ነኝ፤ እንዲህ የሚያስቀምጥ ሰው ለራሱ አያስቀምጥም። የምሳ እረፍቷን ሳልጠብቅ ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

 "አልነገርኩሽም ለካ" አለችና ነገረችኝ።

እንደሄድክ፣ የመጀመሪያ ደሞዝህን እንደተቀበልክ፣ ለእኔ ልትልክ ባንክ ገብተሃል። ተሰልፈህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ክፍያውን ነገሩህ፤ ከምትልከው ሲሶውን የሚበላ። "ለልጄ ከምልከው ላይ ሲሶውን እኔ ለማላውቀው ሰው? ሲጠራቀም እልክላታለሁ፤ አንዴ ብቻ ይቆርጣሉ" ብለህ ወጣህ። ነገሩ ሞኝነት አይደለም። እኔም ለደንበኞቼ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ አጠራቅመው ይላኩልዎ እላቸዋለሁ። በሦስተኛው ወር ሄድክ፤ ምንዛሬው ወርዷል፣ ይሻላል ጠብቅ አሉህ። ጠበቅክ። በዓመቱ ሄድክ፤ ገንዘቡ በዝቷልና ክፍያው በመቶኛ ነው አሉህ። ተናደህ ተመለስክ። ግን በየወሩ በአምስተኛው ቀን ማስገባቱን አላቋረጥክም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተው ግን ዝም ብሎ ተቀመጠ።

"ኋላማ ክፍያው አልነበረም" አለችኝ እትዬ። "ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ 'በል ላክላት' ስለው 'ምን ብዬ?' አለኝ። 'ስምንት ዓመት የት ነበርክ ስትለኝ፣ ክፍያው ውድ ሆኖብኝ ልበላት?' ገንዘቡ ባደገ ቁጥር እሱ እያነሰ ሄደ፣ የኔ ልጅ። በየወሩ ከባንክ ሲመለስ ያን ቀን አያናግረኝም ነበር።"

ስልኩን ዘጋሁና ደብተሮቹን እንደገና ከፈትኩ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝን ዓመት ፈለግኩ። ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ሰንፌ አይደለም፤ መክፈያ አልነበረንም። እማዬ ጋ ክሊኒኩ ጓሮ ሆኜ አንሶላ ሳጥፍ ነው የከረምኩት፤ ጓደኞቼ ዩኒፎርም ለብሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አንሶላውን ከፍ አድርጌ ፊቴን እሸፍንበት ነበር። ደብተርህ ላይ ያ ዓመት አሥራ ሁለት መስመር አለው፤ አንድም ወር አልጎደለም። እኔ አንሶላ ሳጥፍ አንተ ተሰልፈህ ነበር። በጣም ተናደድኩብህ አባዬ። ረስተኸኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የረሳን ሰው መጥላት ለምዶብኛል። አስቦ አስቦ ያልላከን ሰው ግን ምን አድርጌ ልጥላው? ያኔ ነው ያለቀስኩልህ፤ ከሞትክ በሦስተኛ ወርህ መሆኑ ነው። ኤክስፕረስ መሐረብ አቀበለኝ፣ እሱንም ሦስት ጊዜ አስቦ።

በመጨረሻ ባንክ ለባንክ እንዲሆን ወሰንን። ቅጹ ላይ ግን "የተላከበት ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። "የቤተሰብ ድጎማ" ከተባለ የእሷ ባንክ ክፍያውን በግማሽ ይቀንሳል፣ የእኛም ምንም አይነካም። "ውርስ" ከተባለ ሙሉ ክፍያ፣ ማስተርጎሚያ፣ ማህተም፣ እንደገና ማህተም።

"ድጎማ ልበለው አይደል?" አለችኝ።

"አይሆንም። ውርስ በይው።"

"ልዩነቱ እኮ ብዙ ነው፤ አየሽው?"

"ሥራዬ ነው እትዬ፤ አየሁት። ግን ደጉሞን አያውቅም። ሳይደጉም ደጎመ ተብሎ አይጻፍለትም።"

የባንክ ሠራተኛ ሆኜ ሐሰተኛ ምክንያት ማስጻፍ እንደማልችል አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ሕጉ ትዝም አላለኝ። እንድትከፍል ፈልጌ ነው። የፈራኸውን ክፍያ አንድ ጊዜ እንኳ ከኪስህ ሲወጣ ማየት ፈለግኩ። እትዬ ተነፈሰችና "እሺ፣ ያንቺ ነው" አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለእማዬ ነገርኳት። የደብተሩንም፣ የክፍያውንም፣ የቅጹንም። ልብስ እያጣጠፈች ነበር የምትሰማኝ። ስለ ደብተሩ ስነግራት እጇ ትንሽ ቆመ፣ እንደገና ቀጠለ። የቅጹ ጋ ስደርስ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች።

"ድጎማ ይባል" አለችኝ።

"እማዬ! ደጉሞን ያውቃል?"

"ይልካል እያልኩ ነው የኖርኩት። ሠላሳ ሦስት ዓመት። ለባለቤትየው፣ ለጎረቤት፣ ክሊኒክ ለሚሠሩት ሁሉ። 'ባልሽ ይልካል?' ሲሉኝ 'ይልካል፣ ምን ሲደረግ!' እላለሁ። ለአስተማሪሽ እንኳ 'ያባቷ ዘግይቶ ነው' ብያለሁ። አሁን ውርስ ካስባልሽው ውሸታምነቴ በማህተም መውጣቱ ነው።"

"ወረቀቱን ማን ያየዋል ብለሽ ነው?"

"እኔ አየዋለሁ።"

ከዚያ ሸሚዙን አንስታ ማጠፏን ቀጠለች። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ያዘንኩት ለራሴ ነበር። በየመንደሩ ስለ አንተ ስትመሰክር የኖረች ሴት እዚያው አጠገቤ እንዳለች አላሰብኩም። ደክሞኝ ነበር፤ ከእሷ ጋር የምከራከርበት አቅም ስላልነበረኝ እጅጌውን ያዝኩላት።

ሰኞ ለእትዬ ደወልኩ። "ትልቁ ገንዘብ ውርስ ተብሎ ይላክ፣ እውነቱ እሱ ነው፤ የሚቆርጡትን ይቁረጡ። የመጀመሪያዋን ወር ያስቀመጣትን ብቻ ለይተሽ ለብቻዋ ላኪያት። በእናቴ ስም። ምክንያት፣ የቤተሰብ ድጎማ" አልኳት።

"ይቺን? ለብቻዋ?" ስትጽፍበት የነበረው እርሳስ ድምፅ ቆመ። "የኔ ልጅ፣ ይቺ እኮ በጣም ትንሽ ናት። ድጎማም ቢባል ግማሿን ይበሉታል።"

"ይብሉት። ግን እውነት ድጎማ መሆን አለበት፤ አለዚያ ተይው።"

"ከእሱ ቤት ወደ እሷ ቤት ነው የሚሄደው፤ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።  በማግሥቱ ራሷ ሄዳ ተሰለፈች። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት እንዲህ ትንሽ ገንዘብ መላክ እንደማያዋጣ በትሕትና ሊያስረዳት ቢሞክር "ይገባኛል ልጄ፣ ሰውዬውም ገብቶት ነበር" ብላዋለች።

ትልቁ ገንዘብ ገባ። ሦስት ቦታ ተቆርጦ፣ ግን ለቤቱ በቅቶ። ውሉን ቀነ ገደቡ ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ተፈራረምን። እማዬ ፈርማ ስትጨርስ የባለቤትየው ልጆች "እንኳን ደስ አለዎ" ቢሏት "ቤቴ ነበር እኮ" አለቻቸው።

ትንሿ ከትልቁ በስድስት ቀን ዘግይታ ደረሰች። እማዬን ቤት ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለች፤ ራሴ መጥቼ እቀበላለሁ አለች። ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ መጣች፣ ተራ ቁጥር ወሰደች፣ እንደማንኛውም ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔን አየት አድርጋ ዞር አለች፤ ሥራ ላይ ነሽ ማለቷ ነው። ዘመድ ማስተናገድ ስለማይፈቀድልን ኤክስፕረስ ዘንድ ደረሳት። መታወቂያዋን አየ፣ አሰበ፣ ማህተሙን መታ፣ ቆጥሮ ሰጣት። ከመስተዋቱ ወዲህ ሆኜ የእኔን ደንበኛ እያስተናገድኩ ጆሮዬ እዚያ ነበር።

"የባለቤትዎ ድጎማ ነው?" አላት ወረቀቱን እያስፈረማት።

"አዎ፤ ይልካል" አለችው።

ከዚያ እኔ መስኮት ጋ መጣች። ከፊቷ የነበሩት ሰዎች ትልቅ ሰው ናቸው ብለው አሳለፏት። ወረቀቱን በመስተዋቱ ስር አሳለፈችልኝና ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ክፍያው ነው እማዬ። የቆረጡት።"

"ይሄው ነው? ሌላ የለውም?"

"የለውም።"

አጎንብሳ አየችው። ቁጥሩ የአንድ ወር የልብስ ሳሙና ቢገዛ ነው። ሳሙና ስንት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ይቺን ፈርቶ ነው?" አለችኝ።

 አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳነሰ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ የኖርኩ ሴት አንዲት ቃል አልወጣኝም። ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋት፤ አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ከኋላዋ አሥር ሰው ተሰልፏል፣ ደወሉን ነክቼ ቀጣዩን ጠራሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ላብቃ፤ ደክሞኛል። አንተም የደከመህ ሰው እንደነበርክ ከደብተርህ አይቻለሁ። እትዬን በየወሩ እደውልላታለሁ፣ ብቻዋን አልተዋትም፤ ይህንን ቃል ልስጥህ። ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት ገና ነኝ። ስደርስ ግን እስኪጠራቀም አልጠብቅም፤ በደረስኩበት ቀን፣ የደረሰውን ያህል፣ እልክልሃለሁ።

ልጅህ